ሱቅ የተላከችበት ቀን

ወደ ቶሮንቶ የሄድኩት ጓደኛዬን ይዤ ነው። ሁሉም ሰው የሚለው እንደዚያ ነበር፤ እኔም የማምነው እንደዚያ ነበር። እናቷ ከቤት በወጣንበት ቀን ሁለቱንም እጆቼን ያዙና፣ «እግሯ አንቺ ነሽ፤ አደራሽን» አሉኝ። የመድኃኒቷን ስም፣ ትራሷ ከጀርባዋ የት ጋ እንደሚገባ፣ ውኃ ሳትጠጣ ከዋለች ምን እንደሚያማት በቃሌ አጥንቼ ነበር። ያኔ ሁለታችንም አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው።

ጓደኛዬ በአሥር ዓመቷ መኪና ገጭቷት ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። የተዋወቅነው ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ነው። ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረሰን፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያው ቀን አንዲት የማላውቃት ልጅ ከደረጃው ሥር ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ ደረጃውን እንደ ባላጋራ ሽቅብ ታየዋለች። ጠጋ ብዬ፣ «ጀርባዬ ላይ ውጪ» አልኳት።

«ትጥይኛለሽ» አለች።

«ብጥልሽም ከሥር የምሆነው እኔ ነኝ።»

ሳቀችና እጆቿን አንገቴ ላይ ጠመጠመች። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ተሸክሜያት ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ፤ ዊልቸሩን የክፍላችን ልጆች ከኋላችን ያመጡታል። ታክሲ ስንጠብቅ ረዳቱ ዊልቸሩን ሲያይ «ሂድ ሳበው» ብሎ ጥሎን ስለሚያልፍ፣ የምንሄድበት ቦታ ሁሉ እየገፋኋት ነበር የምንደርሰው። እሷ ታወራለች፤ እኔ እገፋለሁ። ጓደኝነታችን እንደዚህ ነው የተሠራው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን ፈተናውን እንዳለፍን፣ ቶሮንቶ የምትኖረው የእናቷ ታናሽ እህት ደወለች። «እዚህ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት አገር ያያሉ፤ ጋፕ ይር ይሉታል። እሷስ ለምን መጥታ አታየኝም?» አለች። አባቴ ወሬውን ሲሰማ፣ «ትምህርት ጨርሶ ቁጭ ማለትም ስም ወጣለት?» ብሎ ሳቀ። ብቻዋን አትሄድም ስለተባለ እኔ ተጨመርኩ። ምዝገባችንን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላለፍን፣ ቪዛ ጠበቅን፣ ተስፋ ቆርጠን ሌላ ነገር ማውራት ስንጀምር ቪዛው መጣ። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ተሳፈርን።

የመጀመሪያውን ትምህርቴን ያገኘሁት ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳንወጣ ነው። ፓስፖርት የምታየው ሴትዮ ለምን ያህል ጊዜ እንደመጣን ጠየቀች። እኔ ቀደም ብዬ፣ «ለስድስት ወር ነው፤ የምናርፈው አክስቷ ቤት ነው» አልኩ። ሴትዮዋ በትሕትና እጇን አነሳ አድርጋ፣ «ይቅርታ፣ የጠየቅኩት እሷን ነው» አለችኝ። ጓደኛዬ አገጯን ቀና አድርጋ ከእኔ በተሻለ እንግሊዝኛ መለሰች። ካለፍን በኋላ ዞር ብላ፣ «ሰማሽ? እኔን እኮ ነው የጠየቀችው» አለችኝ፤ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። አብሬያት ሳቅሁ። ግን ትንሽ ከነከነኝ።

አክስቷ ሁለት ካፖርት በክንዷ ይዛ ጠበቀችን። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ፈጣን፣ ሰውነቷ ትንሽ ድምፅዋ ትልቅ ሴት ናት። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አዛውንቶችን በመንከባከብ ነው የምትሠራው። እኔ «እንደምን ነዎት?» ስላት፣ «ኧረ አንቱታውን እዚሁ ኤርፖርት ጣይው፣ አርጅቼ ልገኝ ነው?» አለችኝ። መጣሉ ግን ስድስቱንም ወር አልሆነልኝም። ፊት ለፊት አንቱ እያልኩ አናግራታለሁ፤ ከጓደኛዬ ጋር ስሆን ግን እንደ እሷው «አክስቴ እንዲህ አለች» እላለሁ።

ቤቷ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ የኪራይ ሕንፃ ላይ አሥራ አንደኛ ፎቅ ነው። ሊፍት አለ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ግን ጠባብ ስለሆነ ዊልቸር አያስገባም፤ አክስቷ ይህን አስባ ከሥራ ቦታዋ ባገኘችው ምክር መታጠቢያው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጣ ነበር። ከበሩ እስከዚያ ወንበር ድረስ የማደርሳት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ምሽት ይህን ሳደርግ ልቤ ረጋ አለ። እዚህም እፈለጋለሁ አልኩ ለራሴ።

በሁለተኛው ቀን አክስቷ ወደ ፌርማታው ይዛን ወረደች። «ባስ ሲመጣ ለድራይቨሩ ታዪው፣ እሱም ያይሻል፣ አለቀ» አለቻት። ባሱ መጥቶ ቆመ፤ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማና በበሩ በኩል እንደ ግመል ተንበረከከ። ከዚያ ከወለሉ ሰሌዳ ተዘርግቶ መንገዱን ነካ። እኔ ልማዴ ነውና የዊልቸሩን እጀታ ያዝኩ። ጓደኛዬ ሳትዞር እጄን መታ አደረገችውና በራሷ እጅ ጎማውን ገፍታ ወጣች። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ተነስተው ወንበሩን አጠፉላት። ማንም አልተጣደፈም፤ ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። አንደኛው ስልኩን እያየ ነው የተነሳው።

መጨረሻው ፌርማታ ደረስን፣ ተመለስን። ቤታችን ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ አልወርድም አለች።

«ሺፍት አለኝ እኮ!» አለች አክስቷ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ አክስቴ። እንደገና ሲንበረከክ ልየው።»

አክስቷ ያን ቀን ሥራ አረፈደች። ስትሮጥ ከኋላዋ ሆኜ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቷ ወጥ ቤት ቆማ ቁምሳጥኑን እየከፈተች፣ «ሽሮ አልቋል። ነገ ከሥራ ስመለስ ዳንፎርዝ ጎራ ብዬ ካበሻ ሱቅ እገዛለሁ» አለች፤ ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

«ላኪኝ» አለች ጓደኛዬ።

ቁምሳጥኑ እንደተከፈተ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ ሰፈር ልጅ ሆኖ ሱቅ ያልተላከ የለም። ተላክን ብለን እናጉረመርማለን፣ መንገድ ላይ ጨዋታ ይዞን እንቀራለን፣ የተላክንበትን ረስተን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፣ ቁጣ ይጠብቀናል። ጓደኛዬ መኪናው የገጫት ክብሪት ልታመጣ ተልካ ስትሮጥ ነው። የላኳት እናቷ ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ እንኳን ሱቅ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ዕቃ አምጪ ያላት ሰው አልነበረም። ታናናሽ ወንድሞቿ ሲላኩ በር ላይ ሆና ታያቸዋለች። ይህን ሁሉ አክስቷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

«አብረን እንሄዳለን» አልኩ እኔ።

«አንቺን ማን ላከሽ?» አለችኝ።

አክስቷ ቀስ ብላ ቁምሳጥኑን ዘጋች። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ወገቧን ያዘች፤ ልክ እንደ ሰፈር እናት። «ምጥን ሽሮ፣ ሁለት ኪሎ። ነጩን እንዳታመጪ። መንገድ ላይ እንዳትጫወቺ። እንትፍ!» አለችና ባዶ ምራቅ ወለሉ ላይ ተፋች። «ይቺ ሳትደርቅ ተመለሺ!»

ጓደኛዬ በሳቅ ወደ ጎን ተጣጠፈች። ሳቁ ቶሎ አላቆመም፤ በመጨረሻ እንባ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቷን ለብሳ፣ መንገዱን ስልኳ ላይ ሦስት ጊዜ አይታ ወጣች። እኔ «ዛሬ ልተኛበት» ብዬ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ። ከብርድ ልብሱ ሥር ግን ልብሴን ለብሼ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ተነሳሁ። አዎ፣ ተከተልኳት። አደራ አለብኝ ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ግን እሷ ያለ እኔ የምትሄድበት መንገድ እንዳለ ማሰብ አስፈርቶኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሊፍት ወረድኩ፣ የካፖርቱን ቆብ አጥልቄ ፌርማታው ላይ ሰው መሀል ቆምኩ፣ እሷ በባሱ የፊት በር ስትገባ በኋላው በር ገባሁ። ፔፕ ጣቢያ ደርሳ በሊፍት ወደ ባቡሩ ወረደች፤ በደረጃ ወረድኩ። በሌላ ፉርጎ ተሳፍሬ በመስታወቱ አየኋት። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የጣቢያዎቹን ስም እያነበበች ነው። ተጨንቃ ይሆናል ብዬ ነበር። ዘመድ ልትጠይቅ የምትሄድ ሰው ነው የምትመስለው።

መውረጃዋ ደረሰና ወረደች። ሊፍቱ በር ላይ ግን ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አይሠራም። ከጎኑ ደረጃው ረጅም ነው። ሰዎች ከባቡሩ ወርደው እንደ ውኃ በሁለቱም ጎኗ ፈስሰው ወጡ። አንዲት ሴት «ሶሪ» ብላት አለፈች። ሌላዋም «ሶሪ» አለች። አገራችን ቢሆን ኖሮ ማንም «ይቅርታ» ብሎ አያልፍም፤ አራት ጎረምሳ «በስመ አብ!» ብሎ ሳይጠይቃት አንስቶ አናት ላይ ያደርሳት ነበር። ከምሰሶ ጀርባ ሆኜ አያታለሁ።

የሥራ ልብስ የለበሰ አንድ ሰውዬ ቆሞ አናገራት። ሰው ልጥራልሽ ያላት መሰለኝ። እሷ ራሷን ነቀነቀችና የሆነ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም ጣቱን ወደ ምሥራቅ ዘርግቶ አሳያት። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ከምሰሶው ወጥቼ ሮጥኩ።

«ነይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ!»

መጀመሪያ አላመነችም። ቀጥሎ ፊቷ ተለዋወጠ። ከአራት ዓመት በላይ አውቃታለሁ፤ እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ሊፍቱ አይሠራም እኮ...»

«ማንበብ እችላለሁ!»

«ብቻሽን እንዴት ልትወጪ ነው? ማንም አይረዳሽም እዚህ፣ አላየሽም?»

ትንፋሿን ሰበሰበች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ስሚኝ። አገር ቤት ብሆን ሰዉ አንስቶ እንደሚያወጣኝ አውቃለሁ። እወዳቸዋለሁ ለዚያ። አንቺንም እወድሻለሁ። ግን ዛሬ ሱቅ ነው የተላክሁት። የሚቀጥለው ጣቢያ ሊፍቱ ይሠራል፤ እዚያ ወርጄ በመንገዱ ወደዚህ እመለሳለሁ። ጠይቄያለሁ። አሁን ወደ ቤት ሂጂ።»

«እናትሽ ምን ይሉኛል?»

«ልጅዎን ላክናት በያቸው።»

ባቡሩ መጣ። የሥራ ልብስ የለበሰው ሰውዬ በሩን በእግሩ ያዘላት፤ ገባች። በመስታወቱ አላየችኝም። በሩ ተዘጋና ሄደች።

ያንን ረጅም ደረጃ ብቻዬን ወጣሁት። ጀርባዬ ቀለለኝ፤ መቅለሉም ደስ አላለኝም። መንገድ ላይ ወጥቼ ስቆም ነው አንድ ነገር የገባኝ። እኔ መንገዱን አላውቀውም። ጠዋቱን ሙሉ የማየው የእሷን ጭንቅላት ነበር፤ ባስ ቁጥሩን እንኳ ልብ አላልኩም። ስልኬ ከአክስቷ ቤት ውጪ ኢንተርኔት የለውም። ወደ ጣቢያው ተመልሼ ወረድኩና በመጣው ባቡር ተሳፈርኩ። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ነበር።

በመስኮቱ ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች ሲታዩኝ እፎይ ብዬ ወረድኩ። ቤታችን ደረስኩ ብዬ በፎቆቹ መሀል ተጓዝኩ፤ ጓደኛዬ ደርሳ ይሆናል ብዬ በሩ ጋ ባለው መጥሪያ ላይ የአክስቷን ቤት ቁጥር ጫንኩ። አንድ ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ መለሰልኝ። እንደገና ጫንኩ፤ እንደገና እሱ ነው፣ አሁን ቆጣ ብሏል። በእጇ አትክልት የያዘች ሻሽ የለበሰች ሴት ስትገባ ፊቴን አይታ ቆመች።

«ይህ ፍሌሚንግደን ፓርክ አይደለም?» አልኳት።

«ክሬሰንት ታውን ነው» አለችና ሳቀች፤ ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም። «እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን የሰው በር ስደበድብ ነበር።»

ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ በወረቀት ላይ መንገዱን ጻፈችልኝ። ባቡር ወደ ምዕራብ፣ ፔፕ መውረድ፣ ከዚያ ባስ። ባቡር ጣቢያው ላይ አንዲት ተማሪ ጠየቅሁ፣ ባሱ ላይ ሾፌሩን ጠየቅሁ፣ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ጠየቅሁ። ከመጣን ጀምሮ ያልተናገርኩትን እንግሊዝኛ ሁሉ በዚያ አንድ ሰዓት ተናገርኩት።

ፌርማታችን ላይ ስወርድ ጓደኛዬ እዚያ ነበረች። የሽሮውን ከረጢት ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ፣ የሚመጣውን ባስ ሁሉ ስታይ።

«የት ነበርሽ? ከተለያየን ስንት ሰዓት ሆነ!»

«ጠፍቼ» አልኳት።

«እግሬ ጠፋ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ፌርማታው ላይ እስኪያመን ሳቅን፤ የቀረው ቁጣ ሁሉ በዚያ ወጣ።

እየሄድን ነገረችኝ። የሚቀጥለው ጣቢያ ሊፍቱ ሠርቷል። የዳንፎርዝ ጎዳና ሜዳማ ነው፤ የእግረኛ መንገዱ ለጎማ የተሠራ ይመስላል፤ የወደቀው ቅጠል ብቻ ጎማዋ ውስጥ እየገባ አስቸገራት። ሱቁ በር ላይ አንድ ደረጃ አለ። አንዲት ደረጃ። ቆመች፣ አሰበች፣ ከዚያ ከመንገዱ ላይ ሆና ድምፅዋን አውጥታ ተጣራች።

«ምን ብለሽ?»

«‹ቤቶች!› ብዬ ነዋ።»

ባለሱቁ ሮጦ ወጣ፤ ከኋላው ሁለት ደንበኞች። እንሸከምሽ አሏት። «ጠየቁኝ» አለችኝ፣ ቃሉን ጠበቅ አድርጋ። «ስለዚህ እሺ አልኳቸው።» ካስገቧት በኋላ የማን ልጅ ነሽ፣ የየት ሰፈር ነሽ፣ መቼ መጣሽ ተባለ፤ ሻይ ተፈላ፤ አንደኛው ደንበኛ በሰፈራችን በኩል አድጎ ኖሮ የወንዙን ድልድይ ሳይቀር አነሱ ጣሉ።

አክስቷ ከሥራ ስትገባ ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ካፖርቷን ሳታወልቅ ከፈተችው፣ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች።

«ይሄ ነጩ ነው እኮ!»

ጓደኛዬ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምጥን ነው ያልኩሽ! አላልኩም? ጨዋታ ይዞሽ ነው! ነገ ጠዋት ሄደሽ ትለውጫለሽ!»

«እሺ አክስቴ» አለች ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ። ቁጣውን እንደ ሽልማት ነው የተቀበለችው። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ያየሁት ያኔ ነው፤ የፈተናችን ውጤት የመጣ ቀን እንኳ እንደዚያ አልነበረችም። እኔ ደግሞ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ነፋ አለ። ኩራት ነው። የመሸከም ኩራት አውቃለሁ፤ ይህኛው ሌላ ነበር። እኔ ምንም ያልሠራሁበት ኩራት።

በማግስቱ ጠዋት እሷ ሽሮውን ልትለውጥ እንደወጣች እናቷ ደወሉ። የት ሄደች አሉኝ። መዋሸት ይቻል ነበር።

«ሱቅ ተልካ ነው፣ እማማ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዋን። ትናንትም ሄዳ ነበር።»

እያለቀሱ ነው ወይስ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

«ምን ልታመጣ?»

«ምጥን ሽሮ ብለዋት ነጩን አመጣች።»

ከዚያ ሳቅ ሰማሁ። ከለቅሶ ጋር የተቀላቀለ ቢሆንም ሳቅ ነው። «ድሮም እንደዚያ ናት» አሉ። «ዘይት ስልካት ጨው ይዛ ትመጣለች። ወሬ ይዛት!» በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ልጃቸው ስለተላከችበት ጊዜ አንድም ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት አወሩልኝ። ስኳሩን እየላሰች መጥታ አፏ ላይ ስለቀረው፣ ለሳንቲም መልስ ከባለሱቁ ጋር ስለመጣላቷ፣ ሁሉንም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት የሁለታችን መሆናቸው ቀርቶ የየራሳችን ሆኑ። እሷ ሱቋን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የባሶቹን መጨረሻ ሁሉ ያዘች። እኔ መጀመሪያ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር፤ የምገፋው ነገር ሳይኖር እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። በአሥረኛው ቀን ካርታ ጠይቄ፣ ባስ ቁጥሩን በእጄ ላይ ጽፌ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅን ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ወዲያ ማዶው የማይታይ ውኃ ፊት ተቀምጬ ሳንድዊች በላሁ። ከማንም ጋር አላወራሁም፤ ደስ አለኝ።

ያን ቀን ጓደኛዬ ሊፍት ውስጥ ከጎረቤታችን ጋር ተገናኝታ ነበር። ሁልጊዜ አብረን የሚያዩን አሮጊት ናቸው። «ረዳትሽ ዛሬ የለችም?» አሏት።

«ረዳቴ አይደለችም፣ ጓደኛዬ ናት» አለቻቸው። «ዛሬ ሐይቅ ልታይ ሄዳለች። ብቻዋን።»

ማታ ይህን ስትነግረኝ «ብቻዋን» የምትለውን ቃል ሁለት ጊዜ ነው ያለችው።